የዋስትናው የመጨረሻ ቀን

«ስንት ጊዜ ልንገርህ፣ ጓድ ዑቕባይ? መኪናው ምንም የለበትም» አለ የጋራዡ ኃላፊ ሽፈራው፣ ቁልፉን ቱታው ኪስ ውስጥ እየከተተ። «የሌለ ብልሽት የዋስትናው ደብተር ላይ አልጽፍም።»

ወይዘሮ ብርኽቲ ከልጃቸው ከዑቕባይ ኋላ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የስድስት ወሩ ዋስትና ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው ሲዘጋ አብሮ ያበቃል። ከነገ ጀምሮ ይህ ነጭ መኪና የልጅ ልጃቸውን ሣባን ተማሪ ቤት ሲያደርስ የሚያደርገው ሁሉ የኩባንያው ጉዳይ አይደለም።

«ሁለት ጊዜ አድርጎታል» አለ ዑቕባይ። ድምፁ ደክሟል። «ከሾላ ገበያ ስመለስ መሪው እጄ ላይ ራሱ ወደ ግራ ዞረ፤ ከፊት በሚመጣ አውቶቡስ ላይ! ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ... አላደረገም።»

«ተሽሎታላ!» ሽፈራው ወደ ሁለቱ መካኒኮች ዞሮ ሳቀ። «ንስሐ ገብቷል በሉኛ!»

መካኒኮቹ ሳቁ። ዑቕባይ አልሳቀም። ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሞተር የፈታ ሰው ነው። «እኛ ዘንድ፣ ራሱ የጠፋ ብልሽት ነው ከሁሉ የሚያስፈራው» አለ። ግን መሬት መሬቱን እያየ ነበር። ሦስት ዓመት ተራ ጠብቆ ያገኘውን መኪና በሐሰት የሚከስ መስሏል፤ ለራሱም ሳይቀር።

መኪናው ለምን እንዳላደረገ የሚያውቁት ወይዘሮ ብርኽቲ ብቻ ናቸው።

ሣባ ለሁለተኛ ጊዜ ከንፈሯ ደርቆ ከመኪናው የወረደች ዕለት፣ ከተጠመቁ ጀምሮ ከአንገታቸው ወርዶ የማያውቀውን ማዕተብ ፈትተው፣ ከመሪው ሥር ዘንጉ ላይ አሰሩት። ሦስት ድርብ ጥቁር ክር ነው። ልጄ ይስቅብኛል፣ ቀበሌም ይሰማል ብለው ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን የሚወለውሉ መስለው ይዳስሱታል። ከወር በኋላ አንዱ ክር ተበጥሶ አገኙት፤ ጫፉ ጥርስ ያኘከው ይመስላል። ቀጥሎ ሁለተኛው። ዛሬ ጠዋት የቀረችው አንዷ ብቻ ናት። እሷም ሞተሩ ሳይነሳ፣ ማንም ሳይነካት፣ እንደ ክራር ጅማት ተወጥራ ጣታቸው ሥር ትርገበገብ ነበር።

«እኔ ነኝ!» አሉ ድንገት ብድግ ብለው። «ዑቕባይ ወደይ፣ እኔ ነኝ አስሬ የያዝኩት።»

«ምኑን፣ አደይ?»

በመኪናው በር ጎንበስ ብለው ከመሪው ሥር ያለውን ክር አሳዩ። ሽፈራው በባትሪ አየና ፊቱ በርቶ ተነሳ።

«ይኸውላችሁ! ደብተሩ ምን ይላል? ከእኛ ሠራተኛ በቀር ሌላ ሰው እጁን ካስገባ ዋስትናው ፈረሰ! እማማ፣ በገዛ እጅዎ አፈረሱት እኮ። ደግሞ በዚህ ዘመን መሪ በማዕተብ ይታሰራል?»

ዑቕባይ እናቱን አየ። አልተቆጣም፤ ያ ባሰባቸው።

«ቁረጠው» አሉ። «ቁልፉ አንተው ኪስ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ውስጡ ሰው የለም። ቁረጠውና እየው፣ ልጄ። ልጅቷ ነገ ከምታየው አንተ ዛሬ እየው።»

ሽፈራው እየሳቀ ከአንዱ መካኒክ ምላጭ ተቀበለ። ጎንበስ ብሎ ቆረጠና ክሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወጣ።

«በቃ፣ ምን መጣ?»

መሪው ዞረ።

በዝግታ ነው የዞረው፤ አንድ የማይቸኩል ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ እንደሚያዞረው። የፊት ጎማዎቹ ሲሚንቶውን እየፋቁ ወደ ግራ ሄዱ፤ መጨረሻቸው ሲደርሱ ቆሙ። ሽፈራው በመስኮቱ እጁን ሰዶ ጎተተ። መካኒኮቹም ያዙለት። ሦስት ወንዶች ሆነው መመለስ አቃታቸው።

«ጻፍ» አሉ ወይዘሮ ብርኽቲ።

«እማማ፣ ደንቡ...»

«ክሩን የቆረጥከው አንተ ነህ። መሪውን ማን አዞረው? ያየኸውን ጻፍ። ሰዓቱንም እንዳትረሳ።»

ጻፈ። መሪው ራሱ ይዞራል፤ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ተረጋግጧል፤ ግቢ ውስጥ ካሉት አዳዲስ መኪናዎች በአንዱ ይለወጥ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው፤ የመጀመሪያው ተንጋዶ ነበር።

ዑቕባይ ደብተሩን በደረቱ ይዞ፣ እናቱን በክንዳቸው ደግፎ ወደ ግቢው ወጣ። ወይዘሮ ብርኽቲ ስድስት ወር ሙሉ ያልተነፈሱትን ትንፋሽ ሊተነፍሱ ነበር።

አልተነፈሱም። ለርክክብ የተደረደሩት ስድስት ነጫጭ መኪናዎች፣ መቀመጫቸው ገና በላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ የፊት ጎማቸውን ሁሉም ወደ ግራ አዙረው ቆመዋል። እናትና ልጅ ወደ ጋራዡ ሲገቡ፣ ጎማዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ነበር።

ከግቢው መግቢያ አንድ ሰው የርክክብ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ይስቃል። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ የዓውዳመት ልብሳቸውን ለብሰው ከጎኑ ቆመዋል።

ሽፈራው ከኋላ ሮጦ መጣ። ዑቕባይንና እናቱን አልፎ ሄዶ የብረቱን በር በሁለት እጁ በቤተሰቡ ፊት ላይ ዘጋው።

«አባዬ» አለች ትንሿ ከበሩ ማዶ፣ «የኛ የትኛው ነው?»