የአቶ ይገዙ ጉርሻ

በዚያ ዘመን ስትሮክ የጣለው ሰው በአንጎሉ ውስጥ በምትቀበር ኮምፒውተር ይጠገን ነበር። ለድሃ የምትደርሰው ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓት የምትሠራው ቀላሏ ናት፤ የሰውየው ችሎታና ልማድ ሁሉ ፓኬጅ በሚባል የፕሮግራም ጥቅል ይቀመጥባታል፤ ጠባብ ስለሆነች ግን አሮጌ ፓኬጅ ሳይወጣ አዲስ አይጫንባትም።

ባለሙያው ሽፈራው በአቶ ይገዙ ላይ የመራመጃውን ፓኬጅ ሲጭን ቦታ አነሰው።

«እህቴ፣ ኮምፒውተሯ ሌላ ፓኬጅ የማይደገፍባቸውን ፓኬጆች ላጥፋ ትላለች። ዝርዝሩን ታዪዋለሽ?» አላት ልጃቸውን ትሁንን።

«ትንፋሹን አይነካም አይደል?»

«ኧረ በጭራሽ! ትርፍራፊ ነው።»

«እንግዲያው አዎ በላት። አባዬ ብቻ ይነሣልኝ።»

አቶ ይገዙ ተነሥተው እስከ በሩ ተራመዱ። ትሁን እልልታዋን አቀለጠችውና ምሳ አቀረበች።

ከልጅነቷ ጀምሮ የአባቷን ጉርሻ ሳትቀበል በልታ አታውቅም። እንደ ልማዷ አፏን ከፍታ ጠበቀች። እሳቸው ግን እየጠቀለሉ ለራሳቸው ጎረሱ፤ ደግመውም ጎረሱ።

ትሁን ወደ ሽፈራው ዞረች። «መልሰው» አለችው በሹክሹክታ።

«ከየት አምጥቼ? ሌላውን ፓኬጅ ከማከማቻ እናወርዳለን። ይሄን የጉርሻውን የሠሩት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።»

አቶ ይገዙ ቀና ብለው አዩአት። «ምን ሆነሻል ልጄ፣ አፍሽን የከፈትሽው? ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አባዬ» አለችና በራሷ እጅ ጎረሰች።