ጫማቸውን አውልቀው የገቡት

«እዚህ ማን ነው የሚኖረው?»

የጠየቀችኝ ሴት ኩሽናዬ መሐል በካልሲ ቆማ ነበር። ከጎኗ ካሜራ ያንጠለጠለ ባሏ አለ። ሽበት የጀመራቸው፣ ከደቡብ፣ ከዋናው ምድር የመጡ፣ ጠዋት ከመርከብ የወረዱ ጎብኚዎች ናቸው። እነሱ ከመግባታቸው ከአፍታ በፊት ልጄ ሱኒቫ «እማ፣ እኔ ከእናንተ ጋር አልሄድም» ብላኝ ነበር። በጋዜጣ የጠቀለልኩት ሳህን ገና እጄ ላይ ነው።

ለሰሜን ዋልታ በቀረበችው በዚህች ደሴት እኛ በር አንቆልፍም። ነጭ ድብ ከተማ ከገባ መንገደኛ ሮጦ የሚገባበት ቤት ማግኘት አለበት። ጫማ ደግሞ የትም ስንገባ እናወልቃለን፣ ሙዚየምም ቢሆን። የድንጋይ ከሰሉ ማዕድን አቧራ ያስለመደን ነው። ለእንግዶቹም ይህንኑ ወደብ ላይ ነግረዋቸዋል። ክፍት በር አዩ። ባሌ ኤይሊፍ መኪና ላይ ሊጭነው በረንዳ ላይ የደረደረውን የማዕድን ሄልሜትና መብራት አዩ። ሙዚየም መስሏቸው ጫማቸውን አወለቁና ገቡ።

«ትኬት የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት?» አለኝ ሰውየው።

ቤቴ ነው ልል አፌን ስከፍት ሱኒቫ ቀደመችኝ።

«ዛሬ በነጻ ነው። ግቡ፣ ግቡ። አስጎብኚያችሁ እኔ ነኝ።»

«ሱኒቫ፣ ተይ።»

«እሷ የቤቱ ጠባቂ ናት» አለቻቸው። «ትቆጣለች እንጂ ሰው አትነክስም።»

ሰውየው ሳቀ። እኔ ሳህኑን ካርቶኑ ውስጥ ጣልኩት። እንደምትቀር ሳምንቱን ሙሉ ጠርጥሬ፣ የምላትን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ማዕድኑ ተዘግቷል። ቤቱ የኩባንያው ነው፤ ሥራው ሲሄድ ቤቱም ይሄዳል። እዚህ አገር ሰው አያረጅም፤ ጉልበቱ ሲደክም ወደ ደቡብ ይሸኙታል። አንቺ ደግሞ ጠመንጃ አንግተሽ፣ በሚሰነጠቅ በረዶ ላይ ውሾች የሚጎትቱትን ተንሸራታች ጋሪ ትነጃለሽ። ይህን ሁሉ በሁለት ባለካልሲ ሰዎች ፊት እንዴት ልበል? አውሮፕላኑ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው።

«ይህ የአንድ የማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ኩሽና ነው» አለች ሱኒቫ፣ ሥራ ላይ ስትሆን በምታወጣው ድምፅ። «አባትየው ተራራው ሆድ ውስጥ ይሠራ ነበር። እናትየው እዚህ መስኮት ላይ ትቆማለች። የፈረቃው አውቶቡስ መብራት እስኪታይ አትቀመጥም።»

«እቀመጥ ነበር» አልኩ።

«አትቀመጥም። ድንቹ አርሮ ቤቱ ይሸታል፣ እሷ መስኮት ላይ ናት።»

ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «በተራሮቹ መሐል የገባው ባሕር ከዚህ ሲታይ እንዴት ያምራል።»

«ያምራል። እሷ ግን ማማሩን አይታ አታውቅም» አለች ሱኒቫ። «ልጅቷ አድጋ ባሕሩ በረዶ ሲሆን በላዩ እንግዶች መውሰድ ስትጀምር፣ እናትየው ለሁለት ሰው መቆም ጀመረች።»

የአስጎብኚነት ድምፁ ሳስቶባት ነበር። ሴትዮዋ አላስተዋለችም።

«ታዲያ እናትየው ምን ሆነች?»

«ዛሬ ትሄዳለች።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ሥራ አላት። የውሾቹ ባለቤት ሃልቮር ጣሪያው ሥር ያለችውን ክፍል ሰጥቷታል። ለእናቷ ቀድማ ያልነገረቻት ፈርታ ነው።»

«ቁጣዋን?»

«አይደለም። እንዳትቀር ብላ ነው። አባትየውን ብቻውን ሰድዳ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሌላ መስኮት ፈልጋ እንዳትቆም።»

ፊቴ ጋለ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ይፈልግ እንደሆነ ማክሰኞ ዕለት ጠይቄያለሁ። ለኤይሊፍ እንኳ አልነገርኩትም። ግን ይህች ትንሽ ከተማ ናት፤ ለማንም ያልነገርከውን ሁሉም ያውቀዋል።

ሰውየው በዚህ መሐል ከጠረጴዛው ላይ ስኒ አንስቶ ሥሩን ገልብጦ ያያል። «ይሄ የድሮ ነው?»

«የኔ ነው። ያስቀምጡት።»

ሴትዮዋ ያን ጊዜ ካርቶኖቹን አየች። የተገመጠውን ዳቦና ቡናማውን አይብ አየች። መጨረሻ ላይ የሱኒቫን ዓይን አየችና ፊቷ ቀላ።

«የሰው ቤት ነው እንዴ?»

«እስከ ከሰዓት» አለች ሱኒቫ።

ኤይሊፍ እጁን እየጠራረገ ገባ። «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ጎብኚዎች» አልኩት።

«እንግዲያው ወዳጄ፣ ከገባህ አይቀር የዚህን ቁም ሳጥን ጫፍ ያዝልኝ።»

ሰውየው ካሜራውን ወደ ጀርባው አዙሮ ያዘለት። በካልሲው ጭቃው ላይ ወጣ። ሚስቱ ጫማውን አንጠልጥላ፣ ይቅርታ እየደጋገመች ተከተለችው።

አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። ንግግሬን ጀመርኩ።

«ማዕድኑ ተዘግቷል።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«በረዶው እንደ ድሮው አይጠነክርም።»

«አውቃለሁ። ለእንግዶቹ የምነግራቸው እኔ አይደለሁ?»

«ድቡስ?»

«እሱንም አውቃለሁ።»

የቀረኝን ፈለግሁ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ስነግራት የኖርኩት ነው፤ አንድም አዲስ ነገር የለውም። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። መዳፌን አመመኝ እንጂ ምንም አልሆነም።

«አባባ ብቻውን አንድ ሳምንት አይቆይም» አለች ሱኒቫ። «ታውቂዋለሽ። ሂጂ፣ እማ።»

«እናት ሂጂ አትባልም።»

«እሺ። እባክሽ ሂጂ።»

ውጭ ኤይሊፍ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ካፖርቴን የያዘችልኝ እሷ ናት። እጅጌውን ስቼ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።

አልተስማማሁም። ዛሬም አልተስማማሁም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኤይሊፍና እኔ ሄድን። ሱኒቫ ቀረች።