አረንጓዴው ክር

አዋላጇ ወይንሸት የወለደችን እናት በሰባተኛው ቀን ሳትጠይቅ ቀርታ አታውቅም፤ ልጅ የሞተባትንም ቢሆን። እንዲያውም እሷ ጋ ነው ቀድማ የምትሄደው።

ጥሩዬ ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን ዳር በሸራ ቤት የምትኖር ናት። ወንድ ልጇ ሳያለቅስ ተወለደ። ወይንሸት የቀረውን አንድ የእትብት መቆንጠጫ በሕይወት ለሚወለድ ሕፃን ቆጠበችና፣ ከነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ክር መዝዛ እትብቱን በሦስት ቋጠሮ አሰረችው። ከነክሩ ገንዛ ለአባቱ ሰጠችው። ሲቀበርም ቆማ አይታለች።

ዛሬ የጥሩዬን ደም ግፊት ለካች፣ ሆዷን ዳሰሰች። ሁሉም ደህና ነው።

“ጡትሽስ? ወተቱ አግቶ አያምሽም?”

“ኧረ አያመኝም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እትብቱ ወደቀ።”

ወይንሸት ሐዘን እንዲህ ሲያናግር ብዙ ጊዜ አይታለች። “አይዞሽ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ” አለቻት።

ጥሩዬ ከትራሷ ሥር የተቋጠረ ጨርቅ አወጣችና ፈታችው። እትብት ነበር፤ ሕያው ገላ ላይ ሰንብቶ በራሱ ጊዜ እንደሚወድቀው፣ ጠቁሮ የደረቀ፣ ንጹሕ። ዙሪያውን አረንጓዴ ክር ታስሮበታል። ወይንሸት ቋጠሮዎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ሦስት ናቸው።

“ሲስተር” አለች ጥሩዬ፣ የተኛ እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “የእኛ ደጅ ወለጋ ቀረ። እትብቱን እዚህ ብቀብረው፣ ሲያድግ አገሬ የት ነው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?”