ታፋ የጻፈው ስም

የስልክ መስመሩ እንዳይቆረጥ እየፈራሁ ጣቶቼን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አሳርፋለሁ። እኛ አገር እናትን እንደምንጠራው አዴ የምላቸው የሻሽወርቅ አጠገቤ ቆመዋል። ወንበር ሰጥቻቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ልጁን ሊፈልግ ከኪራሙ ነቀምቴ ድረስ የመጣ ሰው እንዴት ብሎ ይቀመጥ!

ልጃቸው ሐረግወይን የጠፋችው የዛሬ አምስት ዓመት፣ በሰባ ሰባት ነው። ከወሎ በሰፈራ መጥተው ከመኪናው እንደወረዱ እሳቸውን ትኩሳት ጥሏቸው በቃሬዛ ተወሰዱ፤ የአምስት ዓመቷ ልጅ መጠለያው በር ላይ ቀረች። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የቢሯችን ኃላፊ ጓድ ባይሳ የስልኩን መስመር ለሌላ ክፍል ይሰጡታል፤ ፍለጋውም በዚያው ያበቃል። ይህንንም አልደበቅኳቸውም።

ቅድም፣ ልጄ እዚህ ሣጥን ውስጥ ተጽፋለች ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የለም፣ መዝገቡም እሱን የሚያገላብጠው ማሽንም አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ የሚመጣው መልኩ ብቻ ነው፣ በስልክ ሽቦ እየተሳለ፤ መስኮት እንለዋለን አልኳቸው። ዞር ብለው የቢሮውን መስኮት አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ሐረግወይን የሚለውን ስም በሦስት ዓይነት የፈረንጅ ፊደል አጻጻፍ ሞከርኩት። የለችም። ጣጣው የመጣው ከታፋ ነው። ያኔ ብቻቸውን የተገኙትን ልጆች የመዘገበው እሱ ነበር፤ በመሠረተ ትምህርት ኦሮምኛ መጻፍ የተማረ፣ አማርኛ ግን ጨርሶ የማይሰማ ደግ ሰው። "መቃን ኬ ኤኙ?" ብሎ ስማቸውን ይጠይቃል፤ ኦሮምኛ የማያውቁት ልጆች የመሰላቸውን ይመልሳሉ፤ እሱም የመለሱለትን ይጽፋል። አንድ ቀን "ውሃ" የሚባል ልጅ አግኝተን ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ስሙን ሳይሆን ውሃ ይለምን እንደነበር ሲገባን ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ስሙን ትቼ በምልክት ልፈልጋት ያሰብኩት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። እስካሁን የት ነበርኩ፣ እኔ ደደብ!

"አዴ፣ ሰውነቷ ላይ ምልክት አላት?"

"የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም። ውሻ ነው የነከሳት።"

ጻፍኩት። መስኮቱ መስመር በመስመር ይሳል ጀመር፤ የቅጹ ሣጥኖች እንደ ፈቃዳቸው ይሞላሉ። ጾታ፣ ሴት። ዕድሜ፣ አምስት ግድም። ምልክት፣ የግራ ጆሮ ጫፍ የላትም። የምታድግበት፣ አርጆ፣ ድርቤ ሞረዳ ቤት። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የስሙ ሣጥን ብቻ ባዶ ነው።

አዴ የሻሽወርቅ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። ሊያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

"ሐረግዬ" አሉ ቀስ ብለው፣ ጓሮ የምትጫወት ልጃቸውን እንደሚጠሩ።

የስሙ ሣጥን ያኔ ሞላ። ፊደል ስላልቆጠሩ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ይላል?"

ታፋ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

"አቤት ይላል።"