የመስኮቱ ዳር ቦታ

“እማዬ፣ በመኪናዬ እንዳሻኝ እየቆምኩ መሄድ ስችል ባቡር ላይ ለምን ታስሪኛለሽ?” አለኝ ልጄ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሱ መሪ ይዞ ያንቀላፋል፤ ከዴንቨር እስከ ቺካጎ ደግሞ መንገዱ በረዶ ነው።

“በቃ አታልቅሺ!” ብሎ የባቡር ትኬት ቆረጠ።

ልሸኘው አብሬው ሄድኩ፤ ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። እሱ ሻንጣውን ከመኪናው እስኪያወርድ ቀድሜ ባቡሩ ውስጥ ገባሁና መስኮት ዳር ነጠላዬን ዘርግቼ ቦታ ያዝኩለት። አንዲት ፈረንጅ ልትቀመጥ ስትል “ሰው አለው!” ብዬ በአማርኛ አባረርኳት።

ስልኬ ጮኸ።

“እማዬ፣ የት ገባሽ?”

“ቦታ ይዤልሃለሁ፣ ቶሎ ና!”

“ኧረ እዚህ አገር ቦታ የሚሰጡት ሠራተኞቹ ናቸው! ውረጂ!”

በሩ ተዘግቶ ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ልጄ ከነሻንጣው ዴንቨር ቀረ፤ ወደ ቺካጎ የሄድኩት እኔ ነኝ።