የጸሎት የቤት ሥራ

መምህርት አስካል ከአርባ ምንጭ ተመድባ ጂንካ ስትመጣ የስድስተኛ ክፍል ሥዕልና የእጅ ሥራ ተሰጣት። ቀለም አልነበረም፤ ብሩሽም የለም። ልጆቹ ካርቶን፣ የተሰበረ ቅልና የዛፍ ቅጠል ይዘው ይመጣሉ። ጭቃውን ግን በየሳምንቱ አርብ አንዲት ሸክላ ሠሪ በነጻ ታመጣላቸው ነበር። ዓባይነሽ ትባላለች።

በመጀመሪያው አርብ ዓባይነሽ ጭቃውን አውርዳ አልሄደችም። ልጆቹ ተሰናብተው እስኪወጡ በር ላይ ቆማ ጠበቀች።

«ዛሬ ምን አዘዝሻቸው?»

«ቤታቸው ካሉት ሰዎች የአንዱን ፊት በጭቃ እንዲሠሩ።»

«ለጸሎትም ስጪልኝ።»

አስካል የስም መጥሪያውን ገለጠች። ጸሎት የምትባል ተማሪ የለችም።

«አምና ከነዚህ ልጆች ጋር ነበረች» አለች ዓባይነሽ። «ልጄ ናት።»

ነገሩን በኋላ ያስረዳት የግቢው ጥበቃ ጋሽ እውነቱ ነው። ጸሎት ባለፈው ሚያዝያ ጭቃ ልታወጣ ኔሪ ወንዝ ወርዳ ጎርፍ ወሰዳት። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የተገኘው ጫማዋ ብቻ ነው። አባቷ ቀደም ብሎ ስለሞተ አሳዳጊዋ አጎቷ ቶላ ነበር። ለአንድ የከብት ነጋዴ ሊድራት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ለሰርጉ የተገዛው በሬ ለለቅሶዋ ታረደ።

«እናትየዋ ከዚያ ወዲህ ልክ አይደለችም» አለ ጋሽ እውነቱ። «የምትልሽን ብቻ እሺ በያት።»

አስካል እሺ አለች።

በሳምንቱ ዓባይነሽ በጨርቅ የተጠቀለለ የጭቃ ፊት አመጣች። የራሷ የዓባይነሽ ፊት ነው። ነገር ግን አገጩ ገዝፏል፣ አፍንጫው ተነፍቷል፣ ግንባሩ ጠቧል። እግሯ ሥር ተቀምጦ ሽቅብ የሚያያት ሰው የሠራው ይመስላል።

ይህን ያህል ዘመን ሸክላ የሠራች ሴት እንዲህ አትሳሳትም፤ በልጇ እጅ ልትሠራ እየሞከረች ነው፣ አለች አስካል በልቧ። ለሁሉም ልጆች እንደምታደርገው በቁራጭ ወረቀት «ጆሮዎቹን ረስተሻል» ብላ ጽፋ ሰጠቻት። ዓባይነሽ ወረቀቱን አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረች። ከትምህርት ቤቱ ካርቶንና ሙጫ ስትወስድ መዝገቡ ላይ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

በቀጣዩ አርብ የመጣው ፊት ሁለት ጆሮ ነበረው።

ከዚያ ቅጠል ማተም ሆነ። ልጆቹ ቅጠል በከሰል ውኃ እየነከሩ ካርቶን ላይ ያትማሉ። የዓባይነሽ ካርቶን ሲመጣ ዳጊ የምትባል ተማሪ ቀና ብላ አየችውና ደብተሯን ሰበሰበች። አምና ከጸሎት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምትቀመጠው።

«ቲቸር፣ ይሄ የሷ እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ ሦስት ሦስት አድርጋ ነበር የምታትመው።»

«እናቷ ታውቀዋለቻ።»

«እናቷ አይታት አታውቅም። እዚሁ ነው የምንሠራው።»

አስካል ካርቶኑን አንስታ አየችው። የታተመው የቀርከሃ ቅጠል ነው፤ ቀርከሃ ደግሞ ጂንካ አይበቅልም። ከየት እንዳመጣችው ዓባይነሽን ጠየቀቻት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ደጋው ላይ ገዘር ገበያ ወጥቼ ሸክላ እሸጣለሁ» አለች ዓባይነሽ።

ልጆቹ ያ ካርቶን ከተሰቀለበት ግድግዳ አጠገብ መቀመጥ አቆሙ። አስካልም ክፍሉን ብቻዋን መቆለፍ ተወች፤ ጋሽ እውነቱን ትጠራው ነበር።

ጥር ላይ ለወላጆች ቀን ሁሉም የራሱን ፊት በካርቶንና በሙጫ ጭምብል አድርጎ እንዲሠራ ታዘዘ። ይህን ለዓባይነሽ መስጠት አስካልን ከበዳት።

«ይሄኛው ይቅርብዎት፣ እትዬ።»

«ለሌሎቹ የሰጠሽውን ስጪኝ።»

ጭምብሉ መጣ። አስካል የጸሎትን ፎቶ መዝገብ ቤት አይታው ነበር። ራሷ ናት፤ ግን ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ፀጉሯም እስከ ሥሩ ተቆርጧል።

በወላጆች ቀን ቶላ የራሱን ልጆች ሥራ ሊያይ መጣ። ሲዞር ሲዞር ከጭምብሉ ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ፀጉሯን ማን ቆረጠው?» አለ።

ዓባይነሽ ከኋላው ነበረች። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ለሙት ፀጉር ምን ያደርግለታል?»

ቶላ ጭምብሉን አውርዶ በእግሩ ረገጠው። በሳምንቱ ዓባይነሽ ሌላ አመጣች። ያኛው ይስቅ ነበር።

ግንቦት ላይ ቶላን ወባ ጣለው። በአምስተኛው ቀን ሞተ። ዓባይነሽ ለለቀስተኛው ውኃ ስትቀዳ ዋለች እንጂ አላለቀሰችም። ልጆቹም ጸሎት ናት የወሰደችው አሉ። ዳጊ ክፍል መግባት ፈራች፤ አባቷ እጇን ይዞ እያመጣት ነበር ዓመቱን የጨረሰችው።

አስካል እንቅልፍ አጣች። ጭምብሉን በማዳበሪያ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ያም አልበቃትም። ሙታንን የቤት ሥራ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ ብላ ዝውውር ጠየቀች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተፈቀደላት።

ዕቃዋን ስትሸክፍ ዓባይነሽ መጣች። አርብ አልነበረም፤ ጭቃም አልያዘችም። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ከግቢው በር ውጭ አንድ ሚኒባስ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

አስካል ዓመቱን ሙሉ ያልደፈረችውን ተናገረች።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ ከእንግዲህ የቤት ሥራ አልሰጥም። ይማሩኝ። ልጅዎ ሞታለች።»

ዓባይነሽ ዞር ብላ ሚኒባሱን አየች።

«ቶላ ከተቀበረ ሦስት ወሩ እኮ ነው» አለች። «ለጸሎት ምዝገባ እኔ ብቻ እበቃለሁ? ወይስ ልጅቷም ከመኪናው ትውረድ?»