የጋሽ መንበሩ ለቅሶ

ዛሬ ረፋዱ ላይ ቤቷ ሊፈርስ ነው። እሷ ግን ከማለዳ ጀምሮ የእድሩን ድንኳን በሯ ላይ አስተክላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ለቅሶ ቤት የሚያፈርስ ጨካኝ መቼም አይኖርም። አፍራሾቹን እስከ ሰኞ ካቆየቻቸው ደግሞ ፍርድ ቤቱ እግድ ሊሰጣት ይችላል።

የጠፋው ሟች ብቻ ነበር። እዚሁ የሚኖር ሰው ስም መጥራት ሟርት ነው ተባለና፣ ሰፈሩን ከለቀቀ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልብስ ሰፊው ጋሽ መንበሩ ተመረጠ።

“እሱ እንደሆነ ሩቅ ነው፣ አይሰማ” አለች ጎረቤቷ አስካለ።

ዶዘሩ እያጓራ ሲመጣ ሴቶቹ ዋይታውን አቀለጡት። የአፍራሾቹ አለቃ ድንኳኑን አይቶ ቆመ። ቆቡን አወለቀ፤ ሞተሩ እንዲጠፋ በእጁ ምልክት ሰጠና ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ልቧ መለስ አለላት።

“እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ። ማን ነው ያረፈው?”

“ጋሽ መንበሩ! ወንድሜ!” አለች ደረቷን እየደቃች።

“ልብስ ሰፊው? አያት ኮንዶሚኒየም የገቡት?”

“እሳቸው! እኔን አፈር ይብላኝ!”

አለቃው ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

“አማቴ ናቸው” አለ። ከዚያ ደወለ። የስልኩንም ድምፅ ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረገው።

“ሃሎ፣ ልጄ!” አለ አንድ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ። “ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ዋይታ? ማን ሞቶ ነው?”

አለቃው ስልኩን ለሷ አቀበላት።